ባሌ የማያከብረው የአገሩ በዓል

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የምክር ዓምድ አዘጋጅ። የምጽፍልዎት ከሎስ አንጀለስ ነው። ከአዲስ አበባ ከወጣሁ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ባለቤቴ ሜክሲኳዊ ነው፤ ጓዳላሃራ ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ በሃያ ዓመቱ ነው አሜሪካ የገባው። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ጠባችን ብዙ አይደለም፤ ቢኖርም ውሎ አያድርም። ይሄኛው ግን አደረ፤ ከረመም።

ነገሩ ስለ አንድ ቀን ነው፤ ሜይ 5፣ እነሱ ሲንኮ ዴ ማዮ የሚሉት። እዚህ ከተማ ያን ቀን ሜክሲኳዊ ያልሆነውም ሁሉ ያከብራል። ባሌ ግን ስሙ ሲነሳ ፊቱ ይቀየራል። «የአገሬ በዓል አይደለም፤ የቢራ ሻጮች በዓል ነው» ይላል። ሥራው ምግብ ማብሰል ነው። ድሮ ይሠራበት በነበረ አንድ ምግብ ቤት፣ ያን ቀን ሠራተኛው በሙሉ ያንን ትልቁን ሶምብሬሮ አድርጎ ደንበኛ ፊት እንዲወጣ ታዞ ነበር፤ እሱም ከኩሽና ወጥቶ አድርጓል። ማታ ሲገባ ባርኔጣው ግንባሩ ላይ ቀይ መስመር ጥሎበት ነበር። ምን ሆንክ ብለው ምንም አላለኝም፤ ገላውን ታጥቦ ተኛ።

የአባቱ የአጎት ልጅ አለች፤ ቲያ ነው የምንላት፣ አክስት ማለት ነው። ሰባ ዓመት አልፏታል። የተወለደችው እዚሁ ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ነው። ባሌ መጀመሪያ ሲመጣ ሳሎኗ ሶፋ ላይ ስምንት ወር ያኖረችው እሷ ናት። ለእሷ ሲንኮ ዴ ማዮ የዓመቱ ትልቅ ቀን ነው፤ ግቢዋን በወረቀት አበባ አስጊጣ ዘመድ አዝማዱን ትጠራለች። አምና፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለና ከእነሱ በዓል ጋር ገጠመ። ዶሮ ወጥ ሠርቼ ጠራኋት፤ ድግሷን ለልጆቿ ትታ፣ አንድ ትሪ ታማሌ ይዛ መጣች። ገና ከመቀመጧ ባሌ «ዛሬ እኮ የሰካራሞች ቀን ነው» ብሎ ቀለደ። እሷ አልሳቀችም። ከወጡ ቀመስ አድርጋ ተነሳች። ትሪዋ እስከ ዛሬ ፍሪጃችን ላይ ተቀምጧል።

ዘንድሮ ደግሞ ልጃችን ትምህርት ቤቷ ለሲንኮ ዴ ማዮ በሚያዘጋጀው ትርዒት ላይ ሃራቤ ታፓቲዮ የሚባለውን ጭፈራ ከክፍሏ ልጆች ጋር ልታቀርብ ተመረጠች። ቲያ ባለ ሪባኑን ሰፊ ቀሚስ እየሰፋችላት ነው። ባሌ «ልጄ የማንም መሳቂያ አትሆንም» ብሎ ከለከለ። ቲያ ይህን ስትሰማ «ሜክሲኳዊ አንተ ብቻ ነህ?» አለችው፤ እሱም «ቋንቋውን እንኳ በቅጡ የማትችይ» ብሎ መለሰላት። ከተኮራረፉ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ልጄ የጭፈራ ጫማዋን ቦርሳዋ ሥር ደብቃ ትምህርት ቤት ትወስዳለች፤ እኔም እያየሁ ዝም እላለሁ።

የሰው በዓል ነው፣ ምን አገባኝ እንዳልል ልጄ ናት። እኔ እንደሁ ገናውንም፣ ጥምቀቱንም፣ ፋሲካውንም፣ እንቁጣጣሹንም አስቀርቼ አላውቅም፤ ልጄን የሀበሻ ቀሚስ አልብሼ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሊትል ኢትዮጵያ ስወርድ እሱም ደስ ብሎት ይከተላል። የእኔን እንዲህ የሚያከብር ሰው የራሱን ለምን ይጠላል? ልጄስ ትጨፍር ወይስ ትቅር?

ግራ የገባኝ፣ ከሎስ አንጀለስ

መልስ፦

እህቴ፣ አንቺ ልበልሽና፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ አልላቀቅ ያለኝ ቦርሳ ሥር የተደበቀው ጫማ ነው። ስለዚህ በዓሉ ትንሽ ይቆየንና ከጫማው ልጀምር። ጫማው ሲደበቅ አይተሽ ዝም ማለትሽን ልጅሽም ታውቃለች፤ ልጆች እንዲህ ያለው ነገር አያመልጣቸውም። ሳታስቡት እናትና ልጅ አባት የማያውቀው ምስጢር ያዛችሁ። ዛሬ ማታ ጫማውን ከቦርሳ አውጥታ በሩ ጋ፣ ከሌላው ጫማ ጎን እንድታስቀምጠው ንገሪያት። «አባትሽ የተቆጣው በአንቺ አይደለም፤ ስለ ጭፈራው እኔና እሱ ገና እንነጋገራለን» በያት። ትጨፍሪያለሽ ብለሽ ቃል አትግቢላት፣ ተስፋዋንም አትቁረጪባት። አባትየው ጫማውን በር ላይ አይቶ ከጠየቀ ደግሞ እሰየው፤ ወሬው በራሱ ተጀመረ ማለት ነው።

«የራሱን ለምን ይጠላል?» ብለሽኛል። እኔ የሚጠላ አልመሰለኝም። ሙያ ያለው ሰው ከምድጃው ተጠርቶ የገዛ አገሩን ባርኔጣ ለሳቅ እንዲያጠልቅ ታዟል። እስቲ በራስሽ አስቢው፤ አንድ አለቃ በጥምቀት ቀን ጥበብሽን ልበሺና ደንበኛው ስልኩን ሲደቅንብሽ እስክስታ ምቺለት ቢልሽ፣ ማታ ቤትሽ ገብተሽ ምን ትያለሽ? አንቺም ገላሽን ታጥበሽ የምትተኚ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ቀን ያሳለፈ ሰው ልጅህ ቀሚስ ለብሳ መድረክ ልትወጣ ነው ሲሉት ጭፈራው አይታየውም፤ የሚታየው ያ ስልክ ነው። «የማንም መሳቂያ» ያለውን ቃል መልሰሽ አንብቢው። ስለ ልጁ ሲናገር ስለ ራሱም እየተናገረ ይሆን?

ስለ በዓሉ የሚለውም ቢሆን መሠረት አለው። ሜክሲኮ ውስጥ ትልቁ አገራዊ ቀን የነጻነት በዓሉ ሴፕቴምበር 16 ነው፤ ሜይ 5 በዋናነት የፑዌብላ ከተማ ቀን ነው። ፕሬዚዳንት ቤኒቶ ሁዋሬዝ የውጭ ዕዳ መክፈል አቁሜአለሁ ሲሉ ፈረንሳይ ዕዳውን ሰበብ አድርጋ ጦር ላከች። እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1862 የ33 ዓመቱ ጄኔራል ኢግናሲዮ ሳራጎሳ ፑዌብላን ከበላይ በሚያዩት በሎሬቶና በጓዳሉፔ ምሽጎች ያንን ጦር መክቶ መለሰው። ድሉ ግን እንደ አድዋ ጠላትን ጠራርጎ አላስወጣም። ፈረንሳዮቹ በዓመቱ ተጠናክረው ተመልሰው ፑዌብላንም ዋና ከተማውንም ያዙ፤ ማክሲሚልያን የሚባል ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ አምጥተው አነገሡ፤ እሱ ተይዞ እስኪረሸን እስከ 1867 ድረስ አገሩ አልጠራም። ቢራ ጠማቂዎቹም አሜሪካ ውስጥ ይህን ቀን በማስታወቂያ ያጥለቀለቁት በተለይ ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። ስለዚህ የጓዳላሃራ ልጅ «የኔ አይደለም» ቢል አይፈረድበትም።

ቲያም ግን «የኔ ነው» ስትል አልተሳሳተችም። የፑዌብላው ወሬ ካሊፎርኒያ ሲደርስ ካሊፎርኒያ ራሷ ከሜክሲኮ እጅ ከወጣች ገና 14 ዓመቷ ነበር። አገራቸው ከሥራቸው ሄዶባቸው እዚያው የቀሩት ሰዎች ወሬውን ሰምተው ዝም አላሉም፤ ከ1863 ጀምሮ ቀኑን ማክበር ያዙ። ያኔ አሜሪካም ባሪያ አሳዳሪው ደቡብና ሰሜኑ የተፋጁበት የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች፤ ብዙዎቹ ልባቸው ከሰሜኑ ጋር ስለነበር የሳራጎሳን ድል እንደ ራሳቸው ድል ቆጠሩት። በዓሉ እዚያው፣ አንቺ በምትኖሪበት አገር የበቀለ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ብዙም አለመከበሩ ሐሰተኛ አያደርገውም።

ስለ ቲያ ሌላም ነገር ልንገርሽ። ዛሬ ሰባ ካለፋት እ.ኤ.አ. በ1968 አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። በዚያ ዓመት በማርች ወር በሺዎች የሚቆጠሩ የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ተማሪዎች ክፍላቸውን ጥለው ወጡ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ተማሪ ስፓኒሽ ተናገርክ ተብሎ መቀጣቱ ይቅር የሚል ነበር። ሲንኮ ዴ ማዮም በትምህርት ቤትና በአደባባይ እንደገና የደመቀው በእነዚያ ወጣቶች ዘመን ነው። የእሷ ስፓኒሽ ለምን እንደተሰባበረ እኔ አላውቅም፤ ባልሽ ጠይቋት ያውቅ ይሆን? «ቋንቋውን በቅጡ የማትችይ» ያላት ቃል፣ ሶፋዋን ከመመለስ ይልቅ ይህን መመለስ ሳይከብድ አይቀርም።

ይህን ስጽፍ ራሴም አፈርኩ። የእህቴ ልጅ ቨርጂንያ ነው የተወለደው። አንድ ክረምት እዚያ ሄጄ ሳለ ጓደኞቹን ሰብስቦ ቡና ላፍላላችሁ አለ፤ ፈንዲሻውን በማይክሮዌቭ፣ ያውም ቅቤ ቅቤ የሚለውን፣ አቀረበው። ሳቅኩበት። ክፋት አልነበረኝም፣ ደስ ብሎኝም ነበር፤ ግን ጓደኞቹ ፊት ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ቡና የምታፈላው እናቱ ናት፤ እሱ ስልኩን ይዞ ጥጉ ላይ ይቀመጣል። አገር ቤት ያደግን ሰዎች እዚህ ላይ ብዙ እናጠፋለን። ልጁ ሲኒውን ማን አስተምሮት ነው ብለን አንጠይቅም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። ቤታችሁ የሚከበሩትን በዓላት ዘርዝረሽልኛል፤ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽ። ከእነዚህ ውስጥ የእሱ የትኛው ነው? ደስ ብሎት እንደሚከተልሽ ጽፈሻል፤ እሱ ፊት ሆኖ አንቺ የምትከተይውስ ቀን አለ? ጥፋቱ ያንቺ ነው ማለቴ አይደለም። ምናልባት እሱም ጠይቆሽ አያውቅ ይሆናል፤ ስደተኛ ሥራ ሲበዛበት መጀመሪያ የሚያስቀረው የራሱን በዓል ነው። ግን ሴፕቴምበር 15 ማታ፣ እንቁጣጣሽ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ያንቺ ቄጤማ ገና ሳይጠረግ፣ እነሱ የነጻነት ጩኸታቸውን ያሰማሉ። ሎስ አንጀለስ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ሳይቀር «ቪቫ ሜክሲኮ» ይባላል። ያን ማታ ቤታቸው ምን ይበላ እንደነበር ጠይቂው። የእሱ አገር ሰዎች በቆሎውን ከአሳማ ሥጋና ከቀይ በርበሬ ጋር የሚቀቅሉት ፖዞሌ አላቸው፤ ምግብ አብሳይ ባል ይዘሽ ይህን ሳትቀምሺ እንዳትከርሚ። ሲንኮ ዴ ማዮ በቤታችሁ ብቸኛው የሜክሲኮ ቀን ሆኖ ሲመጣበት ነው የሚከፋው ብዬ እጠረጥራለሁ። የራሱ ቀን ቢኖረው የቲያን ቀን ለቲያ መተው ይቀለዋል።

እንዴት ታወሪዋለሽ? ከሥራ ደክሞ በገባበት ማታ አይሁን። በዕረፍት ቀኑ፣ ልጅቷ በሌለችበት፣ ቡናሽን አፍልተሽ ከቶናው ወደ አቦሉ ሳይሆን እንደ ደንቡ ከአቦሉ ጀምሪ፤ ማለቴ ጭፈራውን መጀመሪያ አታንሺው። «ያን ባርኔጣ አድርገህ የዋልክ ቀን ማታ፣ ዝም ስትለኝ መልሼ ሳልጠይቅህ ቀረሁ። ምን ሆነህ ነበር?» በይው። ከዚያ ዝም በይ። ወዲያው ባይመልስ አትሙይለት። ምናልባት ያን ቀን ላይናገር ይችላል፤ መጠየቅሽ ግን አይጠፋውም።

ጭፈራው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙን ጽፈሽልኝ አልፈሽዋል፤ ሃራቤ ታፓቲዮ። ታፓቲዮ እኮ የጓዳላሃራ ሰው ራሱን የሚጠራበት ስም ነው! ልጅሽ የአባቷን ከተማ ጭፈራ ነው የምትለማመደው፤ ቲያ የምትሰፋውም ባለ ሪባን ቀሚስ የእሱ ግዛት የሃሊስኮ ቀሚስ ነው። ባልሽ የትኛው ጭፈራ እንደሆነ ሰምቶ ነው የከለከለው ወይስ «ሲንኮ ዴ ማዮ» ላይ ጆሮውን ዘግቶ? ሜይ 5 ምግብ ቤቶች የሚጨናነቁበት ቀን ስለሆነ ፈቃድ ቢያጣ አይገርምም። እንግዲያው ልምምዱን ይይላት። ሳሎኑን ጠረግ አድርጉለትና እግሯን ያስተካክልላት፤ ጓዳላሃራ ያደገ ሰው የተሳሳተ እርምጃ አይቶ ዝም የሚል አይመስለኝም።

አስተማሪዋንም አነጋግሪ። ልጆቹ የወረቀት ሶምብሬሮና ሰው ሠራሽ ሪዝ ይደረግላቸዋል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ይደረጋል ካሉሽ እንዲቀር በትሕትና ለምኚ፤ በምትኩ አንዷ ልጅ ስለ ፑዌብላ ሁለት መስመር ታንብብ። ቲያም በዚህ ከባልሽ ጋር የምትስማማ ይመስለኛል። ዕድሜዋን ሙሉ በቁም ነገር ያከበረችው ቀን የፕላስቲክ ሪዝ መለጠፊያ ሲሆን የምታይ ሴት ናት እኮ። ሁለቱ የተጣሉት በአንድ ነገር ተናደው ሊሆን ይችላል፤ እርስ በርስ አልተነጋገሩም እንጂ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ቢልስ? የኔን ፍርድ ከፈለግሽ ትጨፍር እላለሁ። ግን በግልጽ፣ እሱ እያወቀ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ። እሱ ላለመምጣት ሙሉ መብት አለው፤ ቀረ ተብሎም በልጁ ፊት አይወቀስ። ልጅቷን «ልጨፍር እፈልጋለሁ?» ብላ ራሷን እንድትጠይቅ ዕድል ስጫት። እስካሁን አክስትና አባት ስለ እሷ ተከራከሩ፣ አንቺም እኔን ጠየቅሽኝ፤ እሷን ማን ጠየቃት?

«የሰው በዓል» ያልሺው ላይ ግን አልስማማም። ሚያዝያ 27 ለአንቺ ባዕድ ቀን አይደለም፤ የእኛ የአርበኞች ቀን ነው። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ የገባው በዚህ ቀን ነው፤ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት የተመለሱትም በዚሁ ቀን። በመካከሉ ባሉት አምስት ዓመታት የጣሊያንን ወረራ አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። አንቺ ታክሲ ስትይዢበት የኖርሽው ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚያ ውለታ ነው፤ ሜክሲኮ ሲቲም የአንበሳ ራስ ምልክት ያለበት «ኢትዮጵያ» የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ። ይህን ለልጅሽ ነግረሻት ታውቂያለሽ? ለባልሽስ? ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ጸጉሯን ስትሠሪያት የሚያልቅ ወሬ ነው።

የቀረው ቲያ ናት። ይቅርታውን አንቺ አትጠይቂለት፤ ቃሉ ከእሱ አፍ የወጣ ነው። ግን ያ ትሪ ዓመት ሙሉ ፍሪጅ ላይ መቀመጡ ነውር ነው እህቴ፤ የሰው ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ ደግሞ እናትሽ አስተምራሻለች። አውርጂና እጠቢው። ጠረጴዛው ላይ፣ ባልሽ በሚያየው ቦታ አስቀምጪና «ምን እንሙላበት?» በይው። አብሳዩ እሱ አይደል፤ እሱ ይምረጥ።